ዘጠኝ ቀን የተዘጋ ውሃ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2022፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሙቱባንዳ ለመጪው የዝናብ ወቅት የክትር ሥራ ድልድል እየጻፈ ነበር። በስሪላንካዋ መንደር በካራምባዌዋ አርባ ሦስት አባወራ አለ። እያንዳንዱ ከግድቡ ክትር ላይ የሚመነጥረውና የሚጠግነው ርዝመት በክንድ ተለክቶ ይሰጠዋል። ሃያ ስድስቱን ጨርሷል። በሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ስም አለ፤ ርዝመቱ የለም። ሚስቱ ቢሶ መኒኬ ሻይ ይዛ ስትመጣ ግንባሩን ደብተሩ ላይ ደፍቶ አገኘችው። እንቅልፍ የጣለው መስሏት "ሻዩ ይቀዘቅዛል" አለችው። ልቡ ነው አሉ በኋላ። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነበር።

በቀብሩ ላይ ሃያ አምስት ዓመት የመንደሩ የውሃ አባት ነበር ተብሎ ተነግሯል። ትክክሉ ሃያ ሁለት ነው። የግድቡን በር ቁልፍ የተረከበው በ2000 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ፣ ለማን ቀድሞ እንደሚደርስና ክትሩን ማን እንደሠራ ማን እንዳልሠራ የጻፈባቸው አሥራ አንድ ደብተሮች አሉ። አንድም የተቀደደ ገጽ የላቸውም።

አጭር፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ በፀሐይም በዝናብም ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው ሰው ነበር። ክትሩ ላይ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም፤ ጎማው አፈሩን ይሰነጥቀዋል ብሎ ይገፋው ነበር። ያልቀለደበት የለም።

"ቢሶ፣ ባልሽ እቤትም ምንጣፉን በክንድ ይለካል እንዴ?" ይሏታል ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ።

"ምንጣፉንስ ትቶታል። ሩዙን ነው ፍሬ በፍሬ የሚቆጥረው" ትላቸዋለች።

የመንደሩ ማሳ ሁለት ነው። ላይኛው ከክትሩ ሥር የተዘረጋው ጥንታዊው ማሳ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ታችኛው ኋላ ከጫካው ተመንጥሮ የወጣ ነው፤ ቦዩ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ላይኛው ማሳ ላይ ሃያ አራት አባወራ አለ፤ ሙቱባንዳ ከእነሱ አንዱ ነው። የታችኞቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በደህና ዘመን ይህ ልዩነት የሰርግ ቤት መቀለጃ ነበር። ሙቱባንዳ ራሱ ከታች ማሳ ሚስት ሲያገባ "ውሃ ሰጥቶ ልጅ ወሰደ" ተብሏል።

ታላቅ ወንድሙ በ2016 በኩላሊት በሽታ ሞተ። በዚያ አውራጃ ኩላሊት ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሐኪሞች ስለ ምክንያቱ ገና ይከራከራሉ፤ ገበሬው ግን በየሆዱ የፈረደው አለ። ሙቱባንዳ የፈረደው በማዳበሪያውና በአረም መድኃኒቱ ላይ ነበር። ወንድሙን በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ወደ ከተማ እያመላለሰ፣ ደሙ ወደ ማጠቢያ መሣሪያው ገብቶ ታጥቦ ሲመለስ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያይ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆይቷል።

ስለዚህ በ2021 ኤፕሪል መጨረሻ መንግሥት ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ ከእንግዲህ ቀርቷል ብሎ በአንድ ጀምበር ሲያውጅ፣ በካራምባዌዋ ከልቡ ደስ ያለው እሱ ነበር። መንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ሲያጉረመርም ተነሣ።

"አያቶቻችን ይህን ግድብ ሲሠሩ ዩሪያ የሚባል ነገር ሰምተው ነበር?" አለ። "ቅጠልና እበት አለን። ብስባሽ እንሥራ። ምርቱ ቢቀንስ መንግሥት ይክሳል ተብሏል።"

ከታች ማሳ ዊጄሲሪ እጁን አወጣ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ የእርሻ ጎሾች ያሉት፣ አፈ ቀላል ሰው ነው። "አያ ሙቱባንዳ፣ መንግሥት ባይክስስ?"

"እኔን ጠይቀኝ። ዋሱ እኔ ነኝ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሌላ ሰው ቢናገረው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ሃያ አንድ ዓመት አንድም ቃል ሳያጓድል የኖረ ሰው ስለተናገረው ግን መንደሩ አመነ። ቅጠል ተቆለለ፣ እበት ተረጨ፣ ሩዙ ተዘራ። ጉልበት ላይ ሲደርስ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አላደገም። በፌብሩዋሪ 2022 ሲታጨድ የላይኛው ማሳ ከወትሮው ግማሹን አላገኘም። የታችኛው ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈውም። ካሳው ካራምባዌዋ አልደረሰም። በዚያው ወራት ስሪላንካ የውጭ ምንዛሪዋ ተሟጠጠ። የዱቄት ወተት ከሱቅ ጠፋ፤ ለምግብ ጋዝ ባዶ ሲሊንደር አሰልፈው የሚያድሩ ሰዎች በዙ፤ ናፍጣ ማደያው ላይ ሰልፉ ሁለት ቀን ሆነ። የሩዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሩዝ አምራቹ የሚሸጠው ቀርቶ የሚበላው አልነበረውም።

ማርች 26፣ ቅዳሜ፣ የክትር ምንጠራ ቀን ነበር። ከታች ማሳ አንድም ሰው አልመጣም። ዊጄሲሪ መልእክት ላከ፤ "ክትሩን በብስባሹ ይሙላው" የሚል። "አያ" የሚለውን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቶታል።

ሙቱባንዳ ደብተሩን አውጥቶ አሥራ ዘጠኝ ስም ጻፈ፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ "አልመጣም" አለ። በንዴት የጻፈው አይደለም። ያልመጣን መጣ ብሎ መጻፍ እጁ አይችልም ነበር።

ኤፕሪል 22 የወቅት ስብሰባ ተደረገ። ዝናቡ አንሷል፤ በግድቡ ያለው ውሃ ከማሳው ሲሶውን ብቻ ያጠጣል። እንዲህ ላለው ዓመት መንደሩ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቤትማ ይባላል። ለግድቡ የቀረበው ላይኛው ማሳ ወሰኑ ይፈርሳል፤ ለመንደሩ ሁሉ እኩል ተሸንሽኖ በእጣ ይታደላል። "መሬቴ" የሚባል ነገር ለአንድ ወቅት ይቀራል። ከአጨዳ በኋላ ጊዜያዊው ወሰን ፈርሶ ሁሉም ወደ ድንበሩ ይመለሳል። ካራምባዌዋ ላይ ከተደረገ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

የታች ማሳ ሰዎች በአዳራሹ በር በኩል ተደርድረው ቆመዋል። ከእጣው ውጭ ከሆኑ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ምርት ነው የሚቀሩት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

ከላይ ማሳ ትልቁን ቁራሽና ትራክተር ያለው ኪሪ ሙዲያንሴ ተነሣ። "ቤትማ ጥሩ ነው፣ የአባቶች ሥርዓት ነው" አለ። "ግን ሥርዓት ከሆነ ሙሉውን ነው። ክትሩን ያልሠራ ከውሃው ድርሻ የለውም። አያ፣ ደብተሩን አንብብልን።"

ሙቱባንዳ መነጽሩን አደረገ። አሥራ ዘጠኙን ስም ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ አነበበ። ስድስተኛው የባለቤቱ እህት ባል ነበር።

"ሰማችሁ" አለ ሙዲያንሴ።

"ሰማን" አለ ዊጄሲሪ ከበሩ። "አምና በምላሱ አስራበን፤ ዘንድሮ በብዕሩ። ከርሞ ምን እንደቀረው እንጃ!"

ላይኛው ማሳ ለሃያ አራቱ ብቻ እንዲዘራ፣ ውሃው ሜይ 5 እንዲለቀቅ ተወሰነ።

እቤቱ ሲገባ ቢሶ መኒኬ ኮኮናት ትፍቅ ነበር። ቀና አላለችም።

"አሥራ ዘጠኝ ቤት በአንድ ትንፋሽ ዘጋህ አሉ።"

"ያልመጣ አልመጣም፣ ቢሶ። ምን ብዬ ላንብብ?"

"እኔ ውሸት አንብብ አልኩ? እኔም የታች ማሳ ልጅ ነኝ፤ ሥርዓቱን ካንተ እኩል አውቃለሁ። ክትሩን እስከ መቼ ድረስ ያልሠራ ነው ድርሻ የሌለው?"

"ውሃ እስኪለቀቅ።"

"ውሃው ተለቀቀ?"

ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"በሩን የሚከፍተውስ ማን ነው? ሙዲያንሴ ነው?" ብላ የተፋቀውን ኮኮናት ይዛ ወደ ማብሰያው ሄደች።

ሜይ 5 የላይ ማሳ ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ግድቡ በር ላይ ተሰበሰቡ። ሙቱባንዳ መጣ። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው፤ አላወጣውም።

"በሩ አይከፈትም" አለ። "ክትሩ አላለቀም። አሥራ ዘጠኝ ክፍል ቁጥቋጦ እንዳለበት ነው፤ ሥሩ ክትሩን እየበሳ ነው። ክትር ሳያልቅ ውሃ አይለቀቅም። ይህም ሥርዓት ነው።"

"ሰውዬው አበደ እንዴ!" ሙዲያንሴ ጮኸ። "ፀሐይ ግድቡን እየጠጣችው ነው እኮ!"

"አዎ። በቀን የጣት ወርድ ያህል።"

"እና?"

"እና ቶሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው።"

የእነሱን ክፍል እኛ እንመንጥረው ያሉ ነበሩ። ሙቱባንዳ ደብተሩን ገለጠ፤ ክፍሉ የተጻፈው በሰዎቹ ስም ነው፤ ሌላ ሰው ቢሠራው ሌላ ሰው ሠራው ተብሎ ይጻፋል እንጂ አለቀ አይባልም አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የተሰደበ አይመስለኝም። ቁልፉን እንንጠቀው ያለ ግን አልተገኘም።

በማግስቱ በትሪ ላይ ቡላት፣ ያን የሚታኘከውን ቅጠል፣ ደርድሮ ወደ ታች ማሳ ወረደ። ቡላት በሁለት እጅ ለታናሽ ሰው ማቅረብ እግር ሥር መውደቅ ማለት ነው። ዊጄሲሪ ጎሾቹን እያጠጣ ነበር። ትሪውን አየውና አልተቀበለም።

"ምን ፈለግህ፣ ሙቱባንዳ?"

"ክፍላችሁን መንጥሩ። ውሃው አልተለቀቀም። እስካሁን አልረፈደም።"

"መንጥረን ደግሞ ሌላ ነገር ታነብብብናለህ።"

"የመጣ መጣ ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ አላውቅም።"

ዊጄሲሪ የጎሹን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ። "ይህን ትሪ እዚህ፣ ጎሽ ብቻ በሚያይበት ታመጣለህ። አምና ዋስ ነኝ ያልከው የት ነበር?"

"አዳራሽ።"

"በል እንግዲህ።"

በሦስተኛው ቀን፣ ሜይ 8፣ እሁድ፣ ላይም ታችም ማሳ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ብዙዎቹ ሰው ሲዋረድ ለማየት የመጡ ናቸው። ሙቱባንዳ የቡላቱን ትሪ ፊቱ አስቀምጦ ቆመ፤ ወረቀት አልያዘም።

"አምና መንግሥት ይክሳል ብያለሁ። አልከሰም። ዋስ ነኝ ብያለሁ። ዋስ የምሆንበት ነገር አልነበረኝም" አለ። "ወንድሜ ሲሞት አይቻለሁ። ያ ነገር ዓይኔን ጋረደኝ። ወንድሜ ስለሞተ መንደሩ ይራብ ብትሉኝ እሺ አልልም ነበር፤ ግን ያደረግሁት እሱን ነው። ተሳስቻለሁ።"

ሊያላግጡ የመጡት ወደ መሬት ያዩ ነበር። የሰባ ሰባት ዓመቷ የታች ማሳ ባልቴት ኪሪኤታና ናት ቀድማ የተናገረችው።

"ይበቃል፣ ይበቃል! አሁን ይሄ ሰውዬ ያለቅስና ግድቡ ሞልቶ ይፈሳል። የኔን ክፍል ማን ነው የሚያሳየኝ?"

ሳቅ ሆነ። ዊጄሲሪ ከኋላ መጥቶ ከትሪው ላይ አንድ ቅጠል አነሣ።

በማግስቱ ሰኞ በኮሎምቦ ግጭት ተነሥቶ በአገሩ ሁሉ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ታች ማሳዎች ክትሩ ላይ ነበሩ። ከቤት አትውጡ የሚለውን የሰሙት ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ ሬዲዮ ነው፤ ሲሰሙ ግማሹን ጨርሰዋል። ሐሙስ ዕለት አለቀ። ሙቱባንዳ ከእያንዳንዱ "አልመጣም" ሥር፣ አሮጌውን ሳይሰርዝ፣ "በሜይ ሠራ" ብሎ ጻፈ።

ቤትማው ለአርባ ሦስቱም እንዲሆን ሌሎቹ ተስማሙ፤ የቀረው ሙዲያንሴ ነበር። ሰባት ቀን ውሃ ተቃጥሎ መሬቴንም ላካፍል ወይ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሙቱባንዳ ዓርብ ጠዋት ቡላቱን ይዞ ደጁ ሄደ፤ ዊጄሲሪም ሳይጠራ ተከተለው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ ንግግሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደፊትም ወደኋላም አላለ። ዊጄሲሪ ሰለቸው፤ ወደ ጣራው ሥር አገጩን ቀሰረ።

"ያ ትራክተር ዘንድሮ ምን ሊጠጣ ነው? ሻይ?"

"ናፍጣ ይመጣል ተብሏል" አለ ሙዲያንሴ።

"ካሳም ይመጣል ተብሎ ነበር። አይደለም እንዴ?" አለና ወደ ሙቱባንዳ ዞሮ ጠቀሰው። ሙቱባንዳ ሳይወድ ሳቀ። "ጎሾቹ ያሉት እኛ ዘንድ ነው። የማሳው ጭቃ ሳይረገጥ ሩዝ አይዘራም። ከእጣው ከገባን ጎሾቹ ያንተንም የኔንም ይረግጣሉ። ካልገባን ደግሞ በእግርህ ርገጠው።"

ሙዲያንሴ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ትራክተሩን አየች። "ቅጠሉን ተቀበላቸው እንጂ!" አለችው።

ቅዳሜ ሜይ 14፣ የቡድሃ በዓል የቬሳክ ጨረቃ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የግድቡ በር ተከፈተ። ከተቀጠረው ቀን ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል። አንዳንዶች አሥራ አንድ ይላሉ፤ ዘጠኝ ነው።

እጣውን ያወጣችው ማንበብ የማትችለው ኪሪኤታና ናት። ለዊጄሲሪ የሙቱባንዳ ምርጡ መደብ፣ ከአባቱ የወረሰው፣ ደረሰው። ለሙቱባንዳ ውሃ የሚያቁርበት ጥግ ወጣ። ስሙ ሲጠራ እሺ አለና ጻፈው። ነገር ግን በየማለዳው መንገዱ በዚያ መደብ በኩል ሆነ። ዊጄሲሪ ሲያርም፣ ወሰን ሲጠግን፣ እሱ ቆሞ ያያል፤ ይሄዳል። አንድ ቀን አላስችል አለው።

"ሁለት ጣት በዝቷል ውሃው።"

"ይሄ መደብ አሁን የማን ነው?"

"ያንተ።"

"እንግዲያው ደህና ዋል፣ አያ።"

ሙቱባንዳ ሄደ። ሲመለስ ውሃው ሁለት ጣት ጎድሏል።

በጁላይ ኮሎምቦ ውስጥ ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱን ቤት ሞልቶ በመዋኛ ገንዳው ሲዋኝ መንደሩ በስልክ አየ። "ውሃውን ማን ለቀቀላቸው?" አለች ኪሪኤታና፤ ተመልሰው ወደ አረማቸው ገቡ። በዚያ ሰሞን ጥቂት ዩሪያ መጣ፤ ለየቤቱ የደረሰው ትንሽ ነው። ሙቱባንዳ ድርሻውን ለማን እንደሰጠ ደብተሩ ላይ የለም፤ በእሱ መደብ ላይ ግን አልተረጨም።

አጨዳው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንት አለቀ። ጥጋብ አልነበረም። አርባ ሦስቱም ቤት ግን እስከሚቀጥለው አጨዳ የሚያደርስ እህልና ለዘር የሚሆን አገኘ። ሙዲያንሴ እንኳ ይህን አልካደም፤ "በጎሽ የተረገጠ ሩዝ ጣዕሙ ሌላ ነው" ሲል ተሰምቷል።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 17 ጊዜያዊው ወሰን ፈረሰ። ሁሉም ወጥቶ ሲያፈርስ ዋለ፤ በየአባቱ ድንበር ላይ አዲስ አፈር ተደፋ። ዊጄሲሪ ከሙቱባንዳ መደብ ሲወጣ ሴቶቹ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ብላ ብለው ስለጠሩት ዶማውን ጥሎ ሄደ።

እሁድ ሴፕቴምበር 18፣ ከቀትር በኋላ፣ ሙቱባንዳ ያን ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ዳር ወደ ታች ማሳ ወረደ። መንገዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ዊጄሲሪ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቅርጫት ይጠግን ነበር።

"ዶማህን ረስተህ ነው።"

"ነገ ልመጣበት አልነበር፣ አያ! ምን አደከመህ?"

"ወደዚህ የምመጣበት ጉዳይ ነበረኝ" አለ። ምንም የሚመጣበት ጉዳይ አልነበረውም። "እጀታው ላልቷል። ውሃ ውስጥ አድሮ እንጨቱ ካላበጠ ይወልቅብሃል።"

ዊጄሲሪ ከጓሮ ባልዲ አመጣ። ሙቱባንዳ የሰጡትን ውሃ ቆሞ ጠጣ፤ የዶማው ራስ ከነእጀታው ባልዲው ውስጥ ሲገባ አየ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።